በአዲሱ ሰዓት እየገቡ ይከራከሩ

ወንድሜ፣ በግል ሆስፒታል የጥገና ክፍል እንደሚሠሩ፣ አስተዳደሩ የመግቢያ ሰዓታችሁን ከጠዋቱ 2፡00 ወደ 1፡30 ሲያመጣው የመውጫውን 11፡00 ግን እንዳልነካው ገልጸው፣ የክፍሉ ሠራተኞች በሙሉ በቀድሞው ሰዓት እየገቡ ቢቃወሙ ምን እንደሚደርስባቸው ጠይቀዋል። እኔም በአዲስ አበባ በአንድ የግል ሆስፒታል በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሳገለግል ይህንኑ ክርክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ሌላውን ምክሬን ባይቀበሉ እንኳ በቀድሞው ሰዓት መግባቱን ይተዉት።

አንደኛ፣ የምከለክልዎት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ከሚሰናበትባቸው ምክንያቶች መካከል፣ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈዱን ይጠቅሳል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ስምንቱ ቀን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያልቃል። በእኛ ክፍል በሙያው ማንም የማይስተካከለው አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። «የፈረምኩት ውል 2 ሰዓት ይላል» ብሎ በአቋሙ ጸና፤ የሰው ሀብት ኃላፊውም አንዲት ቃል ሳይመልሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን በየማለዳው በጥበቃ እጅ ይልኩለት ጀመር። እኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንጠይቅ እርሱ ወደ ሥራ ለመመለስ ይከራከር ነበር፤ ሁለቱ ጉዳዮች በፍርድ ቤት ፊት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የዚያ ሰው መባረር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ኃላፊው ግን ክፍሉ በዚህ መንገድ እንዲቃወም በልባቸው ይመኙ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ከመክሰስዎ በፊት የሳምንቱን ሰዓት ይደምሩ። የሕጉ ጣሪያ በቀን 8 ወይም በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ለምሳ አንድ ሰዓት ተቀንሶ ከ1፡30 እስከ 11፡00 ያለው ስምንት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ እንደ እኛ ቅዳሜንም ሙሉ ቀን የሚሠሩ ከሆነ በሳምንት 51 ሰዓት ደርሰዋል ማለት ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ አንቀጽ 63 በአንዱ ቀን የተቀነሰውን ሰዓት፣ ከ8ቱ ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት ሳያልፍ፣ በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈልን ስለሚፈቅድ አሠሪው በእርሱ ይከላከላል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ይህን በተራ ቁጥር አሳጥሬ ላልፈው አልችልም፣ ምክንያቱም ክርክሩን ያሸነፍነው በእርሱ ነው። የጣት አሻራ መዝገቡን ይዘን ስንቀርብ ኃላፊው «ግቢ ውስጥ መገኘት ሥራ አይደለም፤ ቱታ ስትለብሱና ሻይ ስትጠጡ ላለፈው ሰዓት ማን ይከፍላል?» ብለው በሠራተኛው ፊት አሾፉብን። ሻይ! ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ጄኔሬተሩን ሞክረን፣ የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን ግፊት አይተን፣ የውኃ ፓምፑንና የማምከኛውን ቦይለር አስነስተን የምናስረክበው እኛ ነበርን። በእርግጥ አስተዳደሩ ቀደም ብለን እንድንገባ መፈለጉ ስሕተት አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ባይነሳ የሚሞተው ሰው ነውና። ጥፋቱ የመግቢያውን ሰዓት ስቦ መውጫውን ባለበት መተዉ ነው።

ያን ዕለት የጄኔሬተሩ መዝገብ ትዝ አለኝ። በእያንዳንዱ ማለዳ የተነሳበት ሰዓት፣ የነዳጁ መጠንና የተረኛው ፊርማ በእርሱ ላይ ይሰፍራል፤ 1፡35 ላይ የፈረመ ሰው ሻይ ላይ አልነበረም። ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው፤ ችሎት ላይ ሲቀርቡ የኃላፊው ፊት እንዴት እንደተለወጠ ባልናገር እመርጣለሁ፣ ደስ እንዳለኝ ግን አልደብቅም። እርስዎም የሥራ ትዕዛዝ ወረቀቶቹንና የኦክስጅን መዝገቡን ጭምር ይያዙ። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራ የሚያከናውንበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ስለሆነ፣ ቱታ ለብሶ ትእዛዝ የሚጠብቀውም ሰው ሥራ ላይ ነው። ሰዓቱን የለወጠውን ማስታወቂያም እንዳይጥሉት አደራ፤ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ መሠራት እንዳለበት ሕጉ ስለሚናገር፣ ያ ወረቀት ራሱ ትእዛዙ ነው። በተጨማሪም ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራ፣ የቀረን ሠራተኛ ለመተካትና ለመሳሰለው ብቻ ነው፤ በየቀኑ ዓመቱን ሙሉ የሚደጋገም ግማሽ ሰዓት ደግሞ በየትኛው አስቸኳይ ሥራ እንደሚመደብ እንዲያስረዱዎት ይጠይቋቸው።

የት እንደሚያመለክቱም አስቀድመው ይወስኑ፤ እኛን አንድ መሥሪያ ቤት ሲያመላልሰን ከርሟል። በጋራ ፈርመን ስንቀርብ «እያንዳንዳችሁ ለየብቻ አምጡ» ተባልን፤ ለየብቻ ስናመጣ ሌላዋ ሠራተኛ «ይህ የወል ጉዳይ ነው» ብለው ፋይሉን ከጠረጴዛቸው ላይ ገፉት። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ የሠሩበት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ በቀጥታ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል፤ የሠራተኛውን ሁሉ የሥራ ሁኔታ የሚነካው አዲስ የሰዓት ድልድል ግን የወል ክርክር ሆኖ ወደ አስማሚ ይሄዳል። ሥራ ማቆም የሚለውን ሐሳብ ከመካከላችሁ ያውጡት፤ ሆስፒታል ሥራ ማቆም ከተከለከለባቸው ድርጅቶች አንዱ ነው።

ኃላፊው «እናየዋለን» እያሉ ቀን ቢገፉ አይታገሡ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ የቃል ተስፋ ደግሞ ይህን ጊዜ አያቋርጠውም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የሰዓቱ ደመወዝ በአንድ ተኩል፣ ለሌሊቱ በ1.75 ተባዝቶ ይሰላል። በእኛ ጉዳይ ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ሆስፒታሉ በስምምነት ጨረሰ፦ የስድስቱ ወር ክፍያ ተሰጠን፣ ክፍሉም ለሁለት ተከፍሎ ገሚሱ በ1፡30 ገብቶ በ10፡30 እንዲወጣ፣ ሌላው በ2፡00 ገብቶ በ11፡00 እንዲወጣ ተደረገ።

አንድ ነገር ግን ከስምምነቱ ወጥቶ ቀረ፤ የማታው ተረኛ ሲያረፍድ ጄኔሬተሩን ትቶ መሄድ ስለማይቻል የቀኑ ሰው ሳይከፈለው ይጠብቃል። ስለዚህ እርስዎ በማመልከቻዎ ላይ ርክክቡ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም፣ ተተኪው ሲዘገይም የሚጠበቅበት ጊዜ በትርፍ ሰዓት እንደሚያዝ በግልጽ ያስጽፉ።