ቤቱ ከመያዙ በፊት የመኪናው ሒሳብ ይታይ

ውድ ጠያቂያችን፦ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ አዳማ ውስጥ ተቀጥረሽ እንደምትሠሪ፣ በጅቡቲ መስመር በአንድ ባለተሳቢ መኪና የሚተዳደሩት አባትሽ ግን ሥራሽን ለቅቀሽ ንግዱን እንድትረከቢና ከአያትሽ የወረስሽውን ቤት አስይዛችሁ ሁለተኛ መኪና እንድትገዙ እንደሚፈልጉ ጽፈሻል። የማስተርስ ትምህርትሽና የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይም አሳስቦሻል።

ከሁሉ የሚከብደው የቤቱ ጉዳይ ነው። አባትሽ «መኪናው ያተርፋል፣ የቸገረን ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው» ማለታቸውን ጠቅሰሻል። በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ከጭነት መኪና ባለንብረቶች ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነበር። ኪራዩ የሚከፈለው ጭነቱ ተራግፎ፣ ሰነዱ ተመርምሮ፣ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው፤ ናፍጣ ግን በዱቤ አይቀዳም፣ የሾፌሩና የረዳቱ ውሎ አበል አያድርም፣ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያም የጭነቱ ባለቤት እስኪከፍል አይታገሥም። መኪናው ሁለት ሲሆን ክፍተቱም እጥፍ ይሆናል።

የአገራችን ገቢ ዕቃ ከወጪው እጅግ ስለሚበልጥ መኪናው ወደ ጅቡቲ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይወርዳል፤ ስለዚህ የመመለሻው ኪራይ የደርሶ መልሱን ናፍጣ ይሸከማል። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙኃን ትራንስፖርት ተለይቶ ሲቀር የጭነት መኪና ናፍጣ ደረጃ በደረጃ ወደ ገበያ ዋጋ ተጠጋ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅም 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ባለተሳቢው የሚሄድባቸው 22 ጎማዎች ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። አባትሽ ትርፉን የሚያሰሉት ጎማውን በገዙበት የድሮ ዋጋ ከሆነ፣ ትርፍ የመሰላቸው ገንዘብ የሚቀጥለው ጎማ መግዣ ነው።

አጎቶችሽ «ያሳደገሽን አባት እምቢ ማለት ነውር ነው» ማለታቸው አላሳመነኝም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ብድሩ ካልተከፈለው፣ በመያዣው ውል ከተስማማችሁ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ያን ጊዜ አጎቶችሽ የቤት ኪራይ አይከፍሉልሽም።

ሥራሽን ሳትለቂ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ያለፈውን ዓመት ጉዞ በጉዞ መዝግቢ፤ ገቢውን፣ ናፍጣውን፣ አበሉን፣ ጥገናውን፣ የመድኑንና የግብሩን ድርሻ፣ ያልተሰበሰበውን ኪራይ ከነቆይታው። ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ መኪና ሳይሆን ዘግይቶ የሚከፍል ደንበኛን መተውና ለሁለት ወር ወጪ የሚበቃ መጠባበቂያ ይሆናል። አባትሽ ከዚህ በኋላም መግዛት ከፈለጉ የሚገዛው መኪና ራሱ መያዣ የሚሆንበትን ብድር ወይም የሊዝ ፋይናንስ፣ ማለትም አከራይ ድርጅት መኪናውን ገዝቶ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ የሚሰጥበትን አሠራር፣ ይጠይቁ፤ ቤቱ ግን አይግባበት።

ማስተርሱ አንድ ዓመት ቢዘገይ አይጎዳሽም። መንጃ ፈቃዱን ከወደድሽው አውጪ፤ ንግዱን ለመምራት ግን አያስፈልግሽም። የደመወዝ ሥራሽን ያዢ፤ ኪራይ በዘገየበት ወር ለቤተሰቡ በቀኑ የሚገባው ገንዘብ እርሱ ነው።