የሰደፉ አንገት ለምን ተሰነጠቀ?

ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ የጻፉልኝ አንባቢ አጋዘን የሚያድኑበት 30-06 የተባለውን ጥይት የሚጎርስ ቤልጅግ ሞዘር ጠመንጃ አላቸው። አሮጌው ሰደፍ ስላለቀ አዲስ የዋልነት ሰደፍ ገዝተው ራሳቸው ገጠሙት። ሃያ ያህል ጥይት እንደተኮሱ ከብረቱ ጅራት፣ ማለትም ከኋላ ጫፉ፣ ጀርባ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ፤ ብሎኖቹም ይላላሉ። አንድ ወዳጃቸው ስንጥቁን በኮላ ሞልቶ ብሎኖቹን አጥብቆ ሰጣቸው። በሁለተኛው ቀን ተኩስ ስንጥቁ ተመልሶ ተከፈተ።

ወንድሜ፣ የነገሩኝ ሁሉ የሚጠቁመኝ ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ርግጫውን መቀበል ያለበት ከብረቱ ሥር ያለው ጥርስ ሥራ ፈትቶ ጅራቱ በእሱ ፋንታ እየተመታ ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት መዝጊያውን ያውጡ፤ ጠመንጃው አለመጉረሱን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል አስቀምጠው በሩን ይዝጉ። «ባዶ መሆኑን አውቃለሁ» የሚል ሰው በእኔ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም።

አሁን ስለ ጥርሱ ልንገርዎ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ብረቱን ከሰደፉ አውጥተው ሲገለብጡት፣ ከጥይት መጉረሻው ሥር የፊተኛው ብሎን የሚገባበት ወፍራም ጉብታ ያያሉ። ጥርስ የምለው እሱን ነው። ጥይቱ 9.7 ግራም ያህል ቢመዝን በሰከንድ 880 ሜትር ገደማ እየፈጠነ ይወጣል፤ ጠመንጃው ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። አስቀድሞ የሚነሳው ብረቱ ነው። እንጨቱ ገና ባለበት ቆሟል፣ ከጀርባውም ትከሻዎ አለ። ብረቱ እንጨቱን ገፍቶ ይዞት መሄድ አለበት። በጥርሱ ጠፍጣፋ ጀርባ ከገፋው ኃይሉ በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ እንጨቱ ይችለዋል። ጥርሱ ከእንጨቱ በፀጉር ስፋት እንኳ ከራቀ ግን ቀድሞ የሚደርሰው ጅራቱ ነው። ጅራቱን ልብ ብለው ይዩት፤ ወደ ኋላ እየጠበበ ይሄዳል። ግንድ የፈለጠ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ሽብልቅ ነው። በተኮሱ ቁጥር ሽብልቁን በመዶሻ እየመቱት ነው፣ ያውም የሰደፉ አንገት እጅግ ቀጭን በሆነበት ቦታ። የወዳጅዎ ኮላ ያልያዘው በዚህ ነው፤ ቁስሉን አሸገ እንጂ ሽብልቁን አላነሳም።

«ዘጠና በመቶ የተዘጋጀ» ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ሰደፎች ያበሳጩኛል። የቀረው አሥር በመቶ ዋናው ሥራ ነው፤ ለገዢው ግን ማንም አይነግረውም። በብዙ የጦር ሠራዊት ሞዘሮች ላይ ከጥርሱ ጀርባ እንጨቱን አቋርጦ የሚያልፍ ማጠናከሪያ ብረት ነበረ፤ በርካሾቹ ላይ እሱም የለም። ብሎኖቹንም ይመርምሩ። የሞዘር ብሎን ሩብ ኢንች ሆኖ በአንድ ኢንች 22 ክር ነው። ተራ መደብር የሚሸጠው ባለ 20 ክር ነው፤ ወዳጅዎ እሱን በግድ አስገብቶ ከሆነ ክሩን አበላሽቶታል።

ወደ ሥራው እንግባ። የኩራዝ ጥላሸት በጥቂት ዘይት ለውሰው የብረቱን ታች በስሱ ይቀቡ። ብረቱን በሰደፉ ውስጥ አስቀምጠው በቀስታ መታ መታ ያድርጉና ቀጥ አድርገው ያንሱት። እንጨቱ የጠቆረው ብረቱ የነካው ቦታ ላይ ነው። ጅራቱ ጀርባ ጠቁሮ ከጥርሱ ጀርባ ያለው እንጨት ንጹሕ ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። በሰላ መሮ ከጅራቱ ጀርባ የባንክ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት እስኪኖር ድረስ ይፋቁ። ብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ፤ ጠርዙን ያደበዝዛል።

ከጥርሱ ጀርባ የጎደለውን ኤፖክሲ በተባለ የሚደነድን ማጣበቂያ ይሞላሉ፤ አስቀድመው ግን ብረቱን ያዘጋጁ። የጥርሱን ፊት፣ ጎንና ታች በአንድ ድርብ ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ጀርባው ብቻ እንዲነካ እንፈልጋለን። ብረቱን በሙሉ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ጨምሮ፣ የማላቀቂያ ሰም ይቀቡ። ይህን የረሳ ሰው ብረትና እንጨት አንድ ላይ ተጣብቀው አምጥቶልኝ ያውቃል፤ ሰደፉን ከመስበር ሌላ መላ አልነበረም። ከዚያ ኤፖክሲውን ሞልተው ብረቱን ወደ ቦታው ይመልሱ፣ እስኪደርቅም ይተዉት።

ከኋለኛው ብሎን ዙሪያ ያለውን ትንሽ የብረት ቱቦም አይርሱ። ቱቦው ካጠረ ብሎኑ እንጨቱን እየጨፈለቀ ይላላል። ምናልባት የእርስዎ መላላት ከዚህ ይሆናል፤ ካጠረ በሌላ ይለውጡት።

ስንጥቁን በመጨረሻ ያክሙ። አሮጌውን ኮላ ጠርገው ቀጭን ኤፖክሲ ያስገቡ፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ አጥብቀው ይጠቅልሉት፣ እስኪደርቅ አይንኩት። እስከዚያው በተሰነጠቀ ሰደፍ አንድም ጥይት አይተኩሱ። ምላጩንና የመዝጊያውን ጥርሶች ደግሞ በሞረድ አይንኳቸው፤ ይህ ሥራ እነሱን አይመለከትም።

ሲደርቅ እንደገና ጥላሸት ቀብተው ይግጠሙ፣ ሦስት ጥይት ይተኩሱ፣ ይፍቱት። ከመፍታትዎ በፊት አሁንም መዝጊያው ይውጣ፣ ጣትዎ ባዶነቱን ያረጋግጥ፣ ጥይቱ ሌላ ክፍል ይግባ። ከጅራቱ ጀርባ ጥቁር ምልክት ካገኙ ትንሽ ይፋቁና ይድገሙት።