ወባ፣ ወስፋትና ሒሳብ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጧቸው በሽታዎች ስርጭት በሒሳብ እንዴት እንደሚሰላ ባለፈው ጽፌ ነበር። ከከተማችን ዳርቻ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

«ትንኝ ቆጥሮ ማን ይጨርሳል? ሒሳቡ ምን ይፈይዳል?» (ተማሪ፣ ከለገጣፎ)

ሁሉንም መቁጠርም መግደልም አያስፈልግም፤ ይህን ያሳየን ሒሳቡ ራሱ ነው። የወባን ጥገኛ እ.ኤ.አ. በ1897 በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ሐኪም ሮናልድ ሮስ፣ የትንኞች ብዛት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ወባ መዛመቷን እንደምታቆም በቀመር አስረዳ። የወባ ተመራማሪው ጆርጅ ማክዶናልድ ደግሞ በ1950ዎቹ ለወባ መዛመት ከትንኟ ብዛት ይልቅ ዕድሜዋ እንደሚበልጥ አሳየ። ጥገኛው በትንኟ ውስጥ አድጎ ወደ ሰው ለመተላለፍ እስኪበቃ 12 ቀን ይፈጃል እንበል። በየቀኑ ከመቶው 90ው በሕይወት ካደሩ፣ ከ100 ትንኞች 12 ቀን የሚዘልቁት 28 ያህል ናቸው። 80ው ብቻ ካደሩ ግን 7! በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ጉልበታቸው እዚህ ላይ ነው። እባክህ ብዕር አንሣና ራስህ አስላው፤ እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

«ልጄ በትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ወስዶ በወራት ውስጥ ወስፋት ተመለሰበት። መድኃኒቱ አይሠራም?» (እናት፣ ከአቃቂ)

ይሠራል፣ እህቴ። አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት የአንጀቱን ትል ያስወግዳል፤ አፈር ላይ ያለውን ዕንቁላል ግን አይነካም። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 ዕንቁላል ትጥላለች፣ ዕንቁላሉም እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። የስርጭቱ የሒሳብ ሞዴሎች በሆድ ያለውን ትልም በአፈር ያለውን ዕንቁላልም ስለሚያሰሉ፣ መድኃኒቱ ካልተደጋገመና መጸዳጃው ካልተስተካከለ ትሉ እንደሚመለስ አስቀድመው ያሳያሉ። ልጅዎን አይቆጡት። በወንዝ ውኃ የለማ ሰላጣ ሲገዙ ግን በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ይጠቡ።

«ስሌቱ ቢሳሳትስ?» (ከገላን)

ይሳሳታል። የታማሚዎች መዝገብ ከጎደለ ስሌቱም ይጎድላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትመጣ እውነተኛውን ይንገሯት።

«እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ወባ ምን ያገባናል?» (አዛውንት፣ ከሱሉልታ)

አባቴ፣ ብርዱ በእርግጥ ውለታ ውሎልዎታል፤ ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ በትንኟ ውስጥ አያድግም። ነገር ግን ልጆችዎ ለሥራ ቆላ ይወርዳሉ። ተመልሰው ትኩሳት ከያዛቸው የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይናገሩ፣ ምርመራውም አይዘግይ።