መልስ፦ ሎጎ ላይ የቀረ ሳምሰንግ ፍላሽ ሲደረግ ፎቶ ይጠፋል?
ወንድሜ፣ ሎጎው ላይ የቀረውን ሳምሰንግህን በኮምፒውተር ፍላሽ ብታደርገው (ሲስተሙን እንደገና ብትጭንበት) ፎቶዎችህ ይጠፉ እንደሆነ ጠይቀሃል። ላይጠፉ ይችላሉ። ወሳኙ ሳምሰንግን ፍላሽ በሚያደርገው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በኦዲን ላይ፣ በሲኤስሲ (CSC) ቦታ የምታስገባው ፋይል ነው። ካወረድከው ፈርምዌር (የስልኩ ሲስተም ፋይሎች) ውስጥ ሁለት ታገኛለህ፦ ስሙ በሲኤስሲ የሚጀምረው ስልኩን ሙልጭ አድርጎ ያጸዳል፤ በሆም ሲኤስሲ የሚጀምረው ግን ዳታህን እንዳለ ይተወዋል። ሁለተኛውን ምረጥ። ቢኤል፣ ኤፒ እና ሲፒ የሚባሉት ሌሎቹ ፋይሎች በየስማቸው ቦታ ይገባሉ።

ከሁሉም በፊት የሞዴሉን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል አመሳክር። ከዚያ የፈርምዌሩን ስሪት ከኋላ ቁጠር፤ 5ኛው ምልክት የቡትሎደሩ (ስልኩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ደረጃ ነው። ስልኩ ላይ ካለው ካነሰ አይቀበለውም። ብዙ ሰው ጥፋቱ የኬብል እየመሰለው በከንቱ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

የመነሻ ቁልፍ በሌላቸው አዳዲስ ሞዴሎች፣ ስልኩ ፍላሹን ለመቀበል እንዲዘጋጅ አጥፍተኸው ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች እንደያዝክ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘውን ኬብል ሰካ። ኦዲን ላይ ሪ-ፓርቲሽን (የስልኩን ማከማቻ እንደገና መከፋፈል) የሚለውን ምርጫ እባክህ አትንካው። ኦዲን ፓስ እስኪል ድረስም ኬብሉን አትንቀል።

በሆም ሲኤስሲ ካልተነሳ ወደ ሌላኛው አትቸኩል፤ አንዴ ከጸዳ ፎቶዎቹ የተመሰጠሩ ስለነበሩ በማገገሚያ ፕሮግራም አይመለሱም። የወጣልህን የስህተት ጽሑፍ እዚህ ላክልኝና አብረን እንየው።