የአባቴ የደም ውጤት ምን ይላል?

ጥያቄ፦ አባቴ በሳንባ ምች ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በየቀኑ ደም ይቀዱታል። «ላክቴቱ ወርዷል፣ ሲአርፒው ግን ገና ከፍተኛ ነው» አሉኝ። ይተርፍልኛል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የላክቴቱ መውረድ ጥሩ ዜና ነው። ላክቴት በደም ውስጥ የሚለካ ንጥረ ነገር ነው፤ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ ሰውነት በቂ ደምና ኦክስጅን ሳያገኝ ሲቀር ነው፤ ከ2 ሚሊሞል በሊትር ሲያልፍ ሐኪሞች መስጋት ይጀምራሉ፣ ከ4 ካለፈ ደግሞ ሩጫ ነው። ሲአርፒ ግን ብግነትን (ሰውነት ከበሽታ ጋር ሲታገል የሚፈጠረውን መቆጣት) የሚያሳይ የደም ፕሮቲን፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነገር ስለሆነ የዛሬዋን ቁጥር ብቻ አይተሽ አትደንግጪ። ዋናው አካሄዱ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ወደ ግማሽ ካልወረደ፣ መድኃኒቱ አልያዘው ይሆን፣ ሳንባው ዙሪያ መግል ቋጥሮ ይሆን ብለው እንደገና ይፈትሻሉ።

ይተርፋል ወይ ላልሽው፣ የትኛውም የደም ምርመራ ብቻውን አይመልሰውም። ዕድሜው፣ አተነፋፈሱ፣ የደም ግፊቱ፣ ኩላሊቱና ንቃቱ አብረው ይታያሉ። ጠዋት ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) ሲጨርሱ ሐኪሙን «ከትናንት ዛሬ ኦክስጅኑ ቀነሰለት ወይስ ተጨመረለት?» ብለሽ ጠይቂው፤ ከወረቀቱ ይልቅ እሱ ብዙ ይነግርሻል።