ልጁን ጭኖ የሄደው መኪና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መርካቶ ሸራ ተራ የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፍላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭነት ያወርድልኝ የነበረ ልጅ አለ፤ ቢበዛ 16 ዓመቱ ነው። ማታ ሱቄ በር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ ጠዋት ደጁን ጠርጎ ይጠብቀኛል። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሌሊት መኪና መጥቶ ከነጓደኞቹ ጫናቸው አሉኝ። ይኸው ሦስት ወር ሞላው። ታላቅ ወንድሜ «ደግ አደረጉ፤ ስልክ የሚነጥቀን ማን ሆነና? ወደየአገራቸው ይመለሱ» ይላል። ሕግ የምትማረው ልጄ ደግሞ «ሰው እንደ ዕቃ አይጫንም» ትላለች። ማናቸው ልክ ናቸው? እኔስ ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከመርካቶ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወሩን ስለቆጠሩለት እግዜር ይስጥልኝ። ከጎዳና ልጆች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ሲጠፉ ቀን የሚቆጥርላቸው ሰው ያላቸው ጥቂት ነበሩ።

ልጅዎ የያዘችው ሕገ መንግሥቱን ነው። አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል እንዲኖር ይፈቅዳል። «ወደየአገራቸው» የሚለው የወንድምዎ ቃል እዚህ ላይ ይወድቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 አለ፤ የተጠረጠረው ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል ከባድ አዋጅ ነው። ግን እሱም ቢሆን የሚናገረው መሥራት እየቻለ የሚታወቅ መተዳደሪያ ስለሌለው፣ በአዋጁ በተዘረዘሩት ድርጊቶችም ስለተገኘ ሰው ነው። ጭነት የሚያወርድልዎ ልጅ መተዳደሪያ አለው፤ ያጣው ቤት ነው።

ወንድምዎንም ግን አይግፉት። ማስቲሽ የሳቡ ልጆች መሽቶ ከሥራ የምትመለስን ሴት ሲከቡ አይቻለሁ፤ ፍርሃቱ እውነት ነው። እኔ ከእሱ የምለየው በመድኃኒቱ ነው፤ ምክንያቴን ልንገርዎ።

ከዓመታት በፊት እሠራበት የነበረው ድርጅት 14 ልጆች ወደ ወላይታ እንድመልስ ላከኝ። በጀቱ ለአውቶቡስ፣ ለብርድ ልብስና ለየቤተሰቡ አንድ አንድ በግ ይበቃ ነበር። የአንደኛው አባት በጉን ተቀብሎ፣ ልጁን አቅፎ ካለቀሰ በኋላ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። እንሰቱንና ጠባቧን ማሳ አሳየኝ። «ልጄን አልጠላሁትም፤ ስድስት ናቸው፣ የምከፍለው መሬት የለኝም» አለኝ። ወረቀት ለመጨረስ ሶዶ ሁለት ቀን ቆይቼ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ስገባ፣ ያ ልጅ አውቶቡስ ተራ የመንገደኛ ሻንጣ ተሸክሞ ቆሟል። አየኝና አንገቱን ደፋ። በሪፖርታችን ግን «ከቤተሰቡ የተቀላቀለ» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ቁጥሩን እንዲያስተካክሉ ብለምንም የሰማኝ አልነበረም።

ስለዚህ ዛሬም ሹማምንት ይህን ያህል ሺህ ሰው ከጎዳና ተነሣ ሲሉ፣ ተቺዎችም ይህን ያህል ሰው ታፈሰ ሲሉ፣ ሁለቱም የሚቆጥሩት የተጫነበትን ሌሊት ነው። እኔ የምጠይቀው ከዓመት በኋላ የት አደረ ብዬ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተነሥተው ሸገር ከተማ ሲዳሞ አዋሽ ስለተያዙ ሰዎች ያወጣውን ያነበበ ሰው፣ ማንሣት ብቻውን ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት በጎዳና ለሚኖሩም ድጋፍ ይዞ ሲመጣ ደስ ያለኝ፣ ቢያንስ ሐሳቡ ከመኪናው በኋላ ስላለው ጊዜ ስለሆነ ነው። መንግሥት ገንዘብ የለውም የሚለውን እሰማለሁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41ም ስለ መንግሥት ድጋፍ ሲናገር «አቅም በፈቀደ» ይላል። ዳሩ ግን የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲያፈርስ ልጆቹ የሚያድሩባቸው በረንዳዎችም አብረው ሄደዋል፤ ለመንገዱ የተገኘው አቅም ለአልጋም ይፈለግለት።

አሁን ወደ ልጁ። የወረዳዎ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። በስልክዎ ፎቶው ካለ ያትሙት፤ የአባቱንና የቀበሌውን ስም ጓደኞቹን ይጠይቁ። ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ በሕግ ሕፃን ነው፤ ከአዋቂ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነ እንዲለይ አጥብቀው ይጠይቁ። እርስዎ ዘንድ እንደሚሠራ ጽፈው፣ የሱቁን ማኅተም መትተው ያስገቡ። ልጅዎ ታርቅቀው፤ ወንድምዎም እንደ ምስክር ይፈርምበት፣ ሁለት ዓመት ሲያየው የኖረ ልጅ ነውና።

ከተገኘ በረንዳው ላይ መልሰው አያስተኙት። ሦስት አራት ሆነው በደባል ክፍል ይከራዩ፤ የመጀመሪያውን ወር ይክፈሉላቸው። ደመወዙን ማታ በእጁ አይስጡት፤ ታላላቆቹ ሌሊት ይቀሙታል፤ ዕቁብ ያስገቡለት። ከዚያ ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ ይጻፉለት። ያለ መሸኛ መታወቂያ፣ ያለ መታወቂያ ቋሚ ሥራ አያገኝም፤ የሚቀጥለው መኪና ሲመጣም የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

የደረሱበትን ይጻፉልኝ፤ ባያገኙትም ይጻፉልኝ።