የተዋጠ ሁሉ አልገባም

ልጆቼ፣

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው «ክኒን ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚደርስ እከታተላለሁ» ስለው ይስቃል። «ሆድ ውስጥ ነዋ! ሌላ የት ይደርሳል?» ይለኛል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያው ነው። የአንጀት ውስጥ፣ ነገሩን በደንብ ካያችሁት፣ ገና ውጭ ነው። ክኒኑ ሟሙቶ፣ የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም እስካልሰረገ ድረስ ሰውነት ውስጥ ገባ አይባልም። እኔም በዚያ በር ላይ ቆሜ የሚገባውንና የሚመለሰውን ስቆጥር ፀጉሬ ሸበተ።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን በትክክል ስለቆጠርሁት ሳይሆን፣ ቆጥሬ ስለቀበርሁት አንድ ቁጥር ነው።

በወጣትነቴ የብረት ማዕድን ክኒኖችን እንመረምር ነበር። ጨረር የሌላቸው፣ በክብደት ብቻ የሚለያዩ ሁለት የብረት ዓይነቶች አሉ፤ ብረት 57 እና ብረት 58። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ትሰጣላችሁ፤ ከ14 ቀናት በኋላ ደም ቀድታችሁ ከእያንዳንዳቸው ምን ያህሉ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ እንደገባ ትለካላችሁ። የእኛ የሁለተኛው ቀን ቁጥር በተደጋጋሚ ዝቅ ይል ነበር። መጀመሪያ ናሙና የሚያዘጋጀውን ረዳቴን ተቆጣሁት። ቀጥሎ መሣሪያውን ጠረጠርሁ። በመጨረሻ የሁለቱን ቀናት አማካይ አወጣሁና ጉዳዩን ዘጋሁ። አማካይ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል።

ጥፋቱ የረዳቴም የመሣሪያውም አልነበረም። ብረት ደም ውስጥ ሲበዛ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን ብረትን ከአንጀት ሕዋስ ተቀብሎ ለደም የሚያስረክበውን ፕሮቲን ያስወግዳል፤ መውጫ ያጣው ብረት ሕዋሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አርጅቶ ሲረግፍ አብሮት ይወገዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የብረት ክምችታቸው ያነሰ ወጣት ሴቶችን አጥንተው፣ 60 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ በተወሰደ ማግስት የሚሰርገው ድርሻ ከ35 እስከ 45 በመቶ እንደሚቀንስ አሳተሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በየቀኑ የዋጡት ሴቶች ከክኒኑ 16.3 በመቶውን ሲያስገቡ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ የዋጡት 21.8 በመቶውን አስገቡ። ይህን ሳነብ አሮጌ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ። ቁጥሮቹ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተጽፈው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ «ሙሉ በሙሉ ይሰርጋል» የሚል ማስታወቂያ ሳይ ደስ አይለኝም። ሰውነት ትርፍ ብረትን አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው መቆጣጠሪያ በሩ ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ በሩን የሚሰብር ክኒን ለመሥራት እንደምትጓጉ አውቃለሁ። እኔም ጓጉቼ ነበር። መጀመሪያ በሩ ለምን እንደተዘጋ ጠይቁ።

ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ጨጓራ የሚያዘጋጅለት አጃቢ ፕሮቲን በአንድ ጊዜ የሚያሻግረው 2 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው። ከዚያ ያለፈው ያለ አጃቢ፣ በራሱ የሚሰርገው፣ ወደ 1 በመቶ ብቻ ነው። ባለ 1000 ማይክሮ ግራም ክኒን ውጣችሁ 10 ገደማ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ብክነት ይመስላል፤ ሆኖም አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ስለሆነ፣ አጃቢው ፕሮቲን የጎደለውን ሕመምተኛ የሚያድነው ያቺ 1 በመቶ ናት። ቫይታሚን ሲ ከ1 ግራም ሲያልፍ ከግማሽ በታች ይሰርጋል። ካልሲየምም ከ500 ሚሊ ግራም በላይ በአንዴ ሲወሰድ የሚገባው ድርሻ ያንሳል። ማሸጊያው ላይ በደማቁ የሚታተመው ቁጥር ግን ሁልጊዜ የተዋጠው ነው።

ከእኔ አንድ ልማድ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ፦ አማካይ ከማውጣታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቀን ቁጥር ለየብቻ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተመልከቱ። የማይመስለውንም አትሰርዙት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት።

ያን ረዳቴን ጡረታ ከወጣ በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ነገሩን በዝርዝር ብነግረውም ሊያስታውሰው አልቻለም። «በዚያን ጊዜ የማይቆጡኝ ቀን ነበር እንዴ?» አለኝ።